ላየንፊሽና ኢምፐረር ኤንጅል ኮራል ያለበት አኳሪየም ውስጥ ይሆናሉ? (700 ሊትር፣ ካሳንቺስ)

ሚኪ_ካሳንቺስ

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው።

ቤቴ 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። አኳሪየሙ 180 በ60 በ65 ሴንቲሜትር ነው፣ ወደ 700 ሊትር ይይዛል። ከሥሩ 150 ሊትር ሳምፕ (ውሃው የሚጣራበት ተጨማሪ ታንክ) አለው። ስኪመሩ (በአየር አረፋ ቆሻሻ የሚያወጣው መሣሪያ) ጥሩ ነው። መብራት ሲሄድ ኢንቨርተር ይይዝልኛል። ውስጡ ጥንድ ክላውንፊሽ፣ ክሮሚስ የሚባሉ ትንንሽ አሳዎች፣ አንድ ቢጫ ታንግ፣ ክሊነር ሽሪምፖችና ቀንድ አውጣዎች አሉ። ከኮራል ሌዘር፣ ሀመር፣ ብሬን፣ ዞዋንቲድ አለኝ። በቅርቡ ደግሞ ትንንሽ የአክሮፖራ ኮራል ቁራጮች ተክያለሁ።

አሳ የሚያስመጣልኝ ልጅ ከኬንያ ሁለት አሳ ሊገባለት ነው። አንዱ 15 ሴንቲሜትር የሚሆን ላየንፊሽ ነው። ሌላው ገና ቀለሙን ያልቀየረ፣ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ ክብ ክብ ያለበት ኢምፐረር ኤንጅል ነው። «ሁለቱም ሪፍ ሴፍ (ኮራል የማይጎዱ) ናቸው፣ ገና ልጅ ስለሆኑ ይለምዳሉ» አለኝ። ዓይኔ ሁለቱም ላይ አርፏል። ኮራሎቼን ግን ማጣት አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጨው_አራትኪሎ

ሚኪ ወንድሜ፣ ሳትከፍል መጠየቅህ ደስ ይላል። መጀመሪያ ሁለቱን አሳ በአንድ ስም አትጥራቸው። አመላቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ላየንፊሽ ኮራል አይነካም። ኮራል ለእሱ መጠለያ ነው፣ ምግብ አይደለም። የሚበላው አፉ የሚችለውን የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ክሮሚሶችህ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ሽሪምፖቹም እንደዚያው። ክላውኖቹ ዛሬ የማይዋጡ ይመስሉሃል። እሱ ግን እስከ 35 ሴንቲሜትር ያድጋል፣ የራሱን ቁመት ግማሽ የሚያህል አሳ ይውጣል። ታንጉ ጎኑ ሰፊ ስለሆነ ሊተርፍ ይችላል። ቀንድ አውጣዎቹን አይፈልጋቸውም።

ኤንጅሉ ተቃራኒው ነው። ሌላ አሳ አይበላም። ኢምፐረር በባህር ውስጥ ዋና ምግቡ ስፖንጅና ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ፍጥረታት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲቆነጥር ይውላል። አኳሪየም ውስጥ ስፖንጁ ሲያልቅበት ሥጋ ወዳለው ኮራል ይዞራል። ሀመርህ፣ ብሬንህ፣ ዞዋንቲዶችህ መጀመሪያ ተረኞች ናቸው። የተቆነጠረ ኮራል ወዲያው አይሞትም። መከፈት ይተዋል። ተዘግቶ ይከርማል፣ አይመገብም፣ ብርሃንም በደንብ አያገኝም። ከዚያ ሥጋው ከአጥንቱ እየለቀቀ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የውሃ ችግር ነው ብሎ ጨውና ካልሲየም ሲለካ ይከርማል።

«ልጅ ስለሆነ ይለምዳል» የሚለውን አትመን። አንድ ሁለት ዓመት ጨዋ ሆኖ ቆይቶ፣ አድጎ ቀለሙን ሲቀይር መቆንጠር የሚጀምር ኤንጅል ብዙ ነው። ያን ጊዜ ማውጣቱ ነው ጭንቁ። ኮራል በተተከለበት ድንጋይ መሃል የሚሽሎከሎክ አሳ በመረብ አይያዝም። ወይ ወጥመድ ነው፣ ወይ ድንጋዩን በሙሉ ማፍረስ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ላየንፊሽ የሚያደርሰው ጉዳት ከመግባቱ በፊት ይታወቃል። ማን እንደሚበላ ዛሬ ጽፈህ ማስቀመጥ ትችላለህ፣ የሚበሉትንም ቀድመህ ታወጣለህ። የኤንጅል ጉዳት የሚታወቀው ግን ከገባና ከለመደ በኋላ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካልከኝ ላየንፊሹን እላለሁ።

ሶፊ_ቦሌ

ጨው ባለው እስማማለሁ፣ ኢምፐረርን ግን ጨርሳችሁ አትኮንኑት። እኔ ጋ ቀለሙን የጨረሰ ትልቅ ኢምፐረር አለ፣ ከኮራል ጋር ነው የሚኖረው። ልዩነቱ ኮራሎቹን የመረጥኩት ለእሱ ብዬ መሆኑ ነው። ሀመር የለም፣ ብሬን የለም፣ ዞዋንቲድ የለም፣ ክላም የለም። ያሉት ሌዘሮችና በደንብ ያደጉ አክሮፖራና ሞንቲፖራ ናቸው። ሌዘር ኮራል ሥጋው ውስጥ አሳ የማይወደው ኬሚካል ስላለው አብዛኞቹ አይደፍሩትም። አክሮፖራ ፖሊፑ (እያንዳንዱ ባለ አፍ የኮራል አካል) ትንሽ ነው። ቁጥቋጦ ሆኖ ካደገ ደግሞ አንድ ሁለት ቁንጥጫ አይሰማውም።

የጣት ያህል ቁራጭ ላይ ግን ያው ቁንጥጫ ሞት ነው። ሚኪ፣ አንተ ጋ ያሉት ቁራጮች ናቸው።

ሌላው ሆዱ ባዶ ሆኖ መዋል የለበትም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ነው የምሰጠው። ስፖንጅ የተቀላቀለበት የኤንጅል ምግብና ኖሪ (የደረቀ የባህር አልጌ) ከቤቴ አይጠፋም። ኢምፐረር 40 ሴንቲሜትር ይደርሳል። 700 ሊትር ለልጅነቱ ይበቃዋል፣ ሲጎለምስ ይጠበዋል። የእኔ አኳሪየም ካንተ እጥፍ ይበልጣል፣ እንደዚያም ሆኖ የሚዞርበት ቦታ በዛ አልልም።

ጋሽ_ምፅዋ

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ምፅዋ ባህር ኃይል ውስጥ ነው። እነዚህን አሳዎች ያወቅኳቸው በቤታቸው ነው።

ላየንፊሽ ቀን ቀን ከወደቡ ምሰሶ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥላ ሥር ዝም ብሎ ይውላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይወጣል። ክንፎቹን ዘርግቶ ትንንሾቹን አሳዎች ጥግ ያስይዛቸዋል። ከዚያ አፉ ሲከፈት እንኳ አታዩትም፣ አሳው ብቻ የለም። ብዙ የሚዋኝ አሳ አይደለም። ኤንጅል ግን የራሱ ሰፈር አለው። የኮራል ሪፉን ከዳር እስከ ዳር ሲዞር፣ ሌላውን ሲያባርር ይውላል። በመስታወት ውስጥ መኖር የቱን እንደማያስጨንቀው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ስለ በተርፍላይ አሳዎችም አንድ ነገር ልበል። ከቀይ ባህር ወይም ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የመጣ በተርፍላይ ቢያሳዩአችሁ ዝርያውን ሳታጣሩ አትግዙ። ሴሚላርቫተስ የሚባለው፣ ቢጫ ሆኖ ዓይኑ ዙሪያ ጠቆር ያለው፣ በእነዚህ ሁለት ውሃዎች ብቻ ነው የሚገኘው። እስከ 23 ሴንቲሜትር ያድጋል። እሱ እንኳ የሚሰጠውን ምግብ ሊለምድ ይችላል፣ ኮራሉን ግን አይምርም። አውስትሪያከስና ሜላፕተረስ የሚባሉት ግን ከኮራል ፖሊፕ ሌላ አይበሉም ማለት ይቻላል። ሽሪምፕ ፊታቸው ላይ እየተንሳፈፈ በረሃብ ይሞታሉ። ይህን ማየት ልብ ይሰብራል። እነሱ ባህራቸው ውስጥ ይቅሩ።

ሚኪ_ካሳንቺስ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሶፊ፣ አመሰግናለሁ እህቴ። ሀመሩን ለኤንጅል ብዬ አልለቀውም፣ እሱ ቁርጥ ነው። ስለዚህ ወደ ላየንፊሹ እያዘነበልኩ ነው። ያ ቀይ ሆኖ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ግሩፐር የሚባለው አሳስ? እሱም ኮራል አይነካም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጨው_አራትኪሎ

ሚኒያታ ነው እሱ። እውነት ነው፣ ኮራል አይነካም። ግን ከላየንፊሽ የበለጠ ሆዳም ነው፣ በባህር ከ40 ሴንቲሜትር ያልፋል። ካንተ አኳሪየም ጋር አይሄድም።

ዳኒ_ፒያሳ

እስካሁን ያወራችሁት ስለ አፍ ነው። እኔ ስለ ትንፋሽ ላውራ፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ላይ ትልቅ አሳ የሚሞተው በአብዛኛው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባህር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 25 ዲግሪ ያለው የባህር ውሃ ሞምባሳ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ያንኑ ውሃ እዚህ አምጥተህ የቱንም ያህል ብትንጠው 5 አካባቢ ላይ ይቆማል። የውጭ ሰዎች «ለዚህ አሳ ይህን ያህል ሊትር» ብለው ሲጽፉ የሚያስቡት የባህር ጠረፍ አየር ነው። የእኛን አየር ማንም አላሰበልንም።

አሁን ላየንፊሽን አስበው። ትልቅ ምግብ በአንድ ጊዜ ይውጣል። ሲፈጭ የኦክስጅን ፍላጎቱ ይጨምራል። ቆሻሻውን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ማታ ብርሃኑ ሲጠፋ ኮራሎቹ ኦክስጅን መስጠታቸውን አቁመው መውሰድ ይጀምራሉ። እዚህ ላይ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ አልቋል። ሌሊት ተነስተህ አሳዎችህ ውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ ታገኛቸዋለህ።

ስለዚህ ጠዋት አብላ፣ ማታ አታብላ። ውሃውን 24 ወይም 25 ዲግሪ ላይ ያዝ። ውሃ በሞቀ ቁጥር ኦክስጅን ያንስበታል፣ ወደ 27 አታስጠጋው። ኢንቨርተሩ ላይ መጀመሪያ የሚሰካው የውሃውን ፊት የሚያናውጠው ፓምፕ ይሁን። ሂተሩ መጠበቅ ይችላል። የአዲስ አበባ ሌሊት ቢበርድም 700 ሊትር ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። ኦክስጅን ግን በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም ከጎኑ ይቀመጥ፣ ኢንቨርተርም ይበላሻል።

አንድ ጥያቄ፦ አኳሪየሙ ያለው ቡና በሚፈላበት ክፍል ነው?

ሚኪ_ካሳንቺስ

አዎ፣ ሳሎን ነው። እማዬ ቡናዋን እዚያው ነው የምታፈላው። ምነው?

ዳኒ_ፒያሳ

ስኪመር አየር የሚስበው ካለበት ክፍል ነው። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የዕጣኑ ጭስ በዚያች ቀጭን ቱቦ አድርጎ ውሃው ውስጥ ይገባል። የውሃው ፒኤች ይወርዳል (ወደ አሲድ ያደላል)፣ ኮራል አጥንቱን መሥራት ይከብደዋል። ቡናው አይቅር። የአየር ቱቦውን አስረዝመህ በመስኮት ወደ በረንዳ አውጣው። ብዙ ሰው ሲፈላና እንግዳ ሲበዛም መስኮት ክፈቱ።

ሚኪ_ካሳንቺስ

በናትህ! ጠዋት ጠዋት ፒኤች ለምን ዝቅ እንደሚል ሲያስጨንቀኝ ነበር፣ ሌሊቱን መስኮቱ ዝግ ነው። ቱቦውን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።

ምግብስ? የዝዋይ ቆሮሶ ፊሌቶ በቀላሉ አገኛለሁ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ትንንሽ ጎልድፊሽ በሕይወት እየጣልክለት አሳድገው ይላል።

ቤቲ_ሳርቤት

ጎልድፊሹን እርሳው። ጎልድፊሽ ሥጋው ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ። ሁልጊዜ እሱን የሚበላ ላየንፊሽ ከጊዜ በኋላ ይታመማል። መዋኘት ይከብደዋል፣ መብላት ያቆማል፣ ባለቤቱም ምን እንደነካው አያውቅም። በዚያ ላይ የጨዋማ ውሃ አዳኝ የሚፈልገው የባህር ምግብ ውስጥ ያለውን ስብ ነው። የሐይቅ አሳ ስቡ ሌላ ነው። ጉበቱ ላይ እየተከማቸ ይጎዳዋል። ስለዚህ ቆሮሶ አልፎ አልፎ ቢቀምስ አይሞትም፣ የዕለት ምግቡ ግን አይሁን። የበሬና የዶሮ ሥጋ የሚሰጡ ሰዎችም አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት።

የሚሆነው ያልበሰለ፣ ጨውና ቅመም ያልነካው በረዶ ሽሪምፕ፣ ስኩዊድ፣ ከነአጥንቱ ትንሽ ሰርዲን ነው። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ፍሪዘር ውስጥ አይጠፋም። ሁዳዴ ሲገባ አሳ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይንራል፣ ቀድመህ ያዝ። ካደገ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። ሁልጊዜ የራበው ይመስላል፣ መስታወቱ ጋ መጥቶ ይለምንሃል። አትሸነፍለት። ሆዱ በትንሹ ክብ ሲል አቁም።

ያሬድ_ሜክሲኮ

እኔ በበኩሌ ሁለቱንም አልገዛም። ምክንያቴ ውሃ ነው። አዳኝ አሳ ሥጋ በላ ነው፣ ሥጋ ደግሞ ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል። ውሃው ቡናማ አልጌ ያበቅላል፣ አክሮፖራው ቀለሙን ይጥላል። መፍትሔው ውሃ መቀየር ነው ትሉኛላችሁ። በየትኛው ውሃ? ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። ማጣሪያው አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለመስጠት ብዙ ሊትር ይደፋል። 100 ሊትር ለመቀየር 3.5 ኪሎ ገደማ ጨው ያስፈልጋል። ጨዉ የሚመጣው ከውጭ ነው። በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በየቀኑ የሚተነውም ቀላል አይደለም።

ትልቅና ደማቅ አሳ ከፈለግህ ብሉጆ ትሪገር ፈልግ። የሚበላው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ትናንሽ ነገር ስለሆነ ኮራል አይነካም። ክሮሚሶችህም አይነኩም። ሽሪምፑ ላይ ብቻ ትንሽ ስጋት አለ። ናይጀር ትሪገርም ኮራል አይነካም፣ ግን በጣም ያድጋል። ፒካሶና ክላውን ትሪገር ቢሰጡህ አትቀበል፣ ድንጋይ እየገለበጡ ቀንድ አውጣና ሸርጣን የሚሰባብሩ ናቸው። ፓፈርም እንዲሁ። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ ጠንካራ ነገር መንከስ ግዴታው ነው።

ጨው_አራትኪሎ

ያሬድ፣ የብሉጆው ሐሳብ ግሩም ነው። ስለ ውሃው ግን አልስማማም። ናይትሬት የሚመጣው ከምግቡ ብዛት እንጂ ከአሳው ስም አይደለም። ሶፊ ኢምፐረሯን በቀን አራት ጊዜ ትመግባለች። ላየንፊሽ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚበላው። ክሮሚሶቹ ሲወጡ ደግሞ ለእነሱ በየቀኑ ይበተን የነበረው ምግብ ይቀራል። ቁጭ ብለህ አስላው፣ ላየንፊሹ ሊያንስ ይችላል። ችግር የሚሆነው ሰው ሲያሳዝነው በየቀኑ ሲያበላው ነው።

ያሬድ_ሜክሲኮ

እሱን መከልከል ከቻለ እሺ። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ሲበላ አሳየን» የማይል የለም። የሚያበላሸው እሱ ነው።

ኢንጂነር_ልደታ

ሚኪ፣ ከአሳ ወጣ ልበልና፣ 700 ሊትር ውሃ፣ ድንጋይ፣ መስታወት፣ ብረት ማቆሚያና ሳምፑ ተደምሮ ከአንድ ቶን ያልፋል። አኳሪየሙ የተቀመጠው ሶሌታው መሃል ላይ ነው ወይስ ቢም ላይ? መሃል ላይ ከሆነ ትልቅ አሳ ብለህ ተጨማሪ ታንክ ከጎኑ ከመደርደርህ በፊት የሕንፃውን ፕላን የሚያውቅ ሰው አሳይ።

ሚኪ_ካሳንቺስ

ግድግዳውን ይዞ ሁለት ኮለን መሃል ነው፣ ከሥሩ ቢም አለ። ስገባ መሐንዲስ አይቶልኛል። ተጨማሪ ታንክ አልደረድርም።

ጋሽ_ምፅዋ

ስለ እሾሁ ማንም አላነሳም። ላየንፊሽ ጀርባው ላይ 13፣ ከሆዱ ሥር 2፣ ከፊንጢጣው አጠገብ 3 መርዛማ እሾህ አለው። ቆሞ አያጠቃም። የሚወጋው መስታወት ስታጸዳ ወይም ኮራል ስታስተካክል የት እንዳለ ሳታይ እጅህን ስትሰድ ነው። ሕመሙ ብርቱ ነው፣ ጓዶቼ ላይ አይቼዋለሁ። ከወጋህ ቁስሉን የምትችለውን ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረው። ከ45 ዲግሪ አይብለጥ፣ ቆዳህን እንዳታቃጥል ሙቀቱን ባልተወጋው እጅህ ለካ። ከ30 እስከ 90 ደቂቃ አቆየው። ሙቀቱ መርዙን ያዳክመዋል። ሕመሙ ቢታገሥም ድንገተኛ ክፍል ሂድና ታይ፣ በተለይ ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ሰውነትህ ካበጠ ሳትውል ሳታድር። እናትህም ይህን ይወቁ። ሕፃን ወደ ቤት ከመጣ ክዳኑ ይዘጋ።

ሆዱን ቀለል አድርጎ የሚያይ ካለም ይህን ይስማ። ላየንፊሽ በፍሎሪዳ ጠረፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1985 ነው። ዛሬ ካሪቢያንን ሞልቶታል፣ የሪፉን ትንንሽ አሳ እያራቆተ ነው። የቀይ ባህሩ ዝርያ ደግሞ በስዊዝ ቦይ አልፎ በ1991 ሜዲትራኒያን ውስጥ ተገኝቷል። አሁን እዚያም ተስፋፍቷል።

ሶፊ_ቦሌ

ጋሼ ኖሩልን። ሚኪ፣ ክሮሚሶቹንና ሽሪምፖቹን የምታወጣ ከሆነ እኔ እወስዳቸዋለሁ። ከላየንፊሹ በፊት ይሁን ግን፣ «እስኪለምድ» አትበል።

ሚኪ_ካሳንቺስ

ወስኛለሁ። ኤንጅሉን ለልጁ አልፈልግም ብዬዋለሁ። ላየንፊሹን እወስዳለሁ። ክሮሚሶቹና ሽሪምፖቹ ሶፊ ጋ ይሄዳሉ፣ ክላውኖቹን ደግሞ የሰፈር ጓደኛዬ ይወስዳቸዋል። ታንጉ ይቀራል። ቱቦውን አውጥቻለሁ፣ ኢንቨርተሩ ላይ ፓምፑን አስቀድሜያለሁ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። በሕይወት ያለ ምግብ ብቻ ሲበላ የኖረ ከሆነ በረዶ ሽሪምፕ እንዴት አስለምደዋለሁ?

ጨው_አራትኪሎ

መጀመሪያ ሳትከፍል ልጁ ፊትህ ያብላው። የበረዶ ምግብ ከበላ ግማሹን ሥራ ጨረስክ።

ካልበላም ችግር የለም። ኮራል የሌለበት ለብቻው መቆያ ታንክ አዘጋጅ፣ አራት ስድስት ሳምንት እዚያ ይቆይ። ጥገኛ ተሕዋሲ ቢኖርበት መድኃኒቱ መዳብ ነው፣ መዳብ ደግሞ ኮራልና ቀንድ አውጣ ይገድላል። ስለዚህ ሕክምናው ዋናው አኳሪየም ውስጥ አይሆንም። እዚያም የአየር ፓምፕ አይጥፋ፣ ከባህር ጠረፍ አየር ወደ እኛ አየር ነው የሚመጣው። መጀመሪያው ቀን ምንም አትስጠው። መብራቱን አደብዝዝ። ሽሪምፑን አቅልጠህ በረጅም ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰካና ከፊቱ ትንሽ ራቅ አድርገህ እያወዛወዝክ አሳልፈው። እንቅስቃሴውን ነው የሚከተለው። አፉ ላይ አትጠጋው፣ ይሸሻል። አምስት ደቂቃ ሞክረህ እንቢ ካለ አውጣው፣ ውሃው ውስጥ እንዳይበሰብስ። በማግስቱ ድገመው። ጤነኛ ላየንፊሽ ለጥቂት ቀናት ባይበላ አይጎዳም፣ ራቡ ራሱ ያስተምረዋል።

ከሳምንት በላይ ከቆየ ሆዱን ከጎን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልን። ገባ ብሎ ከሆነ ቤቲ በሕይወት ያለ ሽሪምፕ የምታገኝበትን ታውቃለች፣ በእሱ እንጀምረዋለን።

ቤቲ_ሳርቤት

አለኝ፣ ጥቂት አስቀምጥልሃለሁ። መቼ እንደሚገባ ብቻ ንገረኝ።